ባዶ ቀለህ ምን ይናገራል?

መንዝ፣ ግሼ ወይም መርሐቤቴ ውስጥ ስለ ድሮ ጠመንጃ ሲወራ ውጅግራ ሳይነሳ አይቀርም። ስሙ የመጣው «ፉዚ ግራ» ከሚለው የፈረንሳይኛ መጠሪያ ነው፤ በ1874 እ.ኤ.አ. የወጣ ባለ 11 ሚሊ ሜትር ጠመንጃ። በዐፄ ምኒልክ ዘመን ጥይት እንደ ገንዘብ ይመነዘር ነበር፤ ባዶ ቀለህም ባሩድ ተሞልቶ እንደገና ይተኮስ ነበር። ታዲያ ያ ዘዴ በክላሽ ጥይት ላይ ለምን አደጋ ይሆናል?

ልዩነቱ ባሩዱ ላይ ነው። የውጅግራ ጥይት ሲሠራም በጥቁር ባሩድ ቀለሁ እንዲሞላ ታስቦ ነው። ፈረንሳዮች በ1886 እ.ኤ.አ. በሌቤል ጠመንጃ ያመጡት ጭስ አልባ ባሩድ ግን በዚያው ስፍር እጅግ የበለጠ ጉልበት ይይዛል። በዚያ ላይ ግፊት ሲጨምር በፍጥነት ይቃጠላል፤ በፍጥነት ሲቃጠል ደግሞ ግፊቱ ይጨምራል። ስለዚህ ትንሽ ትርፍ ባሩድ ትልቅ ግፊት ያመጣል ማለት ነው። ለክላሽ ጥይት የተቀመጠው ጣሪያ 355 ሜጋፓስካል ነው፤ በባሕር ወለል ካለው የአየር ግፊት 3,500 ጊዜ ያህል ይበልጣል።

«የደጋ አየር ስስ ስለሆነ ግፊቱ ይቀንሳል» ብላችሁ ታስቡ ይሆናል። 3,000 ሜትር ላይ የአየር ግፊት የሚቀንሰው 0.03 ሜጋፓስካል ብቻ ነው፤ ከ355 ጋር ሲተያይ ኢምንት። ሙቀት ግን ለውጥ ያመጣል፤ ፀሐይ ላይ የዋለ ጥይት ግፊቱ ከፍ ይላል።

አሁን የተተኮሰ ቀለህ ገልብጣችሁ ግርጌውን እዩ። መሐል ላይ መርፌው የሚመታት ትንሽ ክብ ቆብ አለች፤ ባሩዱን የምትለኩሰው እሷ ናት። ጠርዟ ድብልብል ሆኖ ከቀረ ደህና ነው። ከተበሳች፣ ዙሪያዋ በጥላሸት ከጠቆረ፣ ወይም ቀለሁ ከጠመንጃው አልወጣ ካለ ተኩስ ይቁም። ጠፍጥፋ ከተገኘች ግን መንስኤው ሁለት ሊሆን ይችላል፦ ትርፍ ግፊት፣ ወይም ቀለሁ በማረፊያው ላልቶ መቀመጡ። ደግሞ ምልክት አለመታየቱ ደህንነት አይደለም፤ ግፊት በትክክል የሚታወቀው በመለኪያ መሣሪያ ነው።

መርፌው መትቶ ጥይቱ ባይተኮስስ? ቆቧ ረጥባ፣ ምቱ ደክሞ ወይም ቆቧ በደንብ ሳትገባ ቀርታ ይሆናል። ግን ዘግይቶም ሊፈነዳ ስለሚችል ወዲያው አትክፈቱት፤ አፈሙዙን ሰው ወደሌለበት አዙራችሁ ቢያንስ 30 ሰከንድ ጠብቁ።

የአያት ቀለህ ቤት ውስጥ ካለ ለታሪክ አስቀምጡት። በዘመኑ ባሩድ ግን አትሙሉት፤ ያ ጠመንጃ ለዚህ ግፊት አልተሠራም።