ተወካዩን ማን ይገድበው? ኔሽንስቴትስና የሥልጣን ልጓም

በ2003 (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ፍራንኮስ ስፔን በሚል ስም የሚጫወት ሰው ኔሽንስቴትስ ከተባለው የኢንተርኔት ጨዋታ ትልልቅ ክልሎች አንዱን፣ ፓሲፊክን፣ በቁጥጥሩ ሥር አዋለ። ጥይት አልተኮሰም፤ በጨዋታው ውስጥ ጥይት የለም። ያደረገው ከማንም የበለጠ ድጋፍ አሰባስቦ የክልሉ ተወካይ መሆን ነበር። ከዚያ የተቃወሙትን አባረረ፣ የነበረውን ሥርዓት አፍርሶም «አዲሱ የፓሲፊክ ሥርዓት» የተባለ መንግሥት አቆመ። ያ መንግሥት ዕድሜው ከብዙ እውነተኛ መንግሥታት በልጧል። የተጫዋቾቹ ማኅበረሰብም ተወካዩን ማን፣ በምን ይገድበው የሚለውን ጥያቄ ይዞ እነሆ ከሃያ ዓመት በላይ ይሟገታል።

ጨዋታውን የፈጠረው አውስትራሊያዊው ደራሲ ማክስ ባሪ ነው። በ2002 መጨረሻ ሲከፍተው ሐሳቡ «ጄኒፈር ገቨርንመንት» የተባለውን፣ ለኅትመት የተቃረበ ልብ ወለዱን ለማስተዋወቅ ነበር። ተጫዋቹ አገር ይመሠርታል፣ ስምና መፈክር ያወጣለታል፣ በየጊዜው የሚቀርቡለትን የመንግሥት ጉዳዮች እየወሰነ አገሩ ወዴት እንደሚያዘነብል ያያል። እስከዚህ ድረስ ብቻውን የሚጫወተው ነው። ፖለቲካው የሚጀምረው አገሮቹ በክልል ሲሰባሰቡ ነው።

አሠራሩን ሳያውቁ ጠቡን መረዳት አይቻልም። አንድ ተጫዋች የፈለገውን ያህል አገር ሊኖረው ይችላል፤ የዓለም ጉባኤ አባል ማድረግ የሚፈቀድለት ግን አንዱን ብቻ ነው። (ጉባኤው ቀድሞ «የተባበሩት መንግሥታት» ይባል ነበር። እውነተኛው ድርጅት ስሜን አትጠቀሙ የሚል ማስጠንቀቂያ ስለላከ በ2008 ተቀየረ።) በአንድ ክልል ያሉ የጉባኤ አባላት እርስ በርስ ድጋፍ ይሰጣጣሉ። ጨዋታው በቀን ሁለት ጊዜ ሒሳቡን ሲያድስ ብዙ ድጋፍ ያለው አገር ተወካይ ይሆናል። የክልሉ አሠራር ከፈቀደለት ተወካዩ ነዋሪ ማባረር፣ ተመልሶ እንዳይገባ ማገድና መግቢያውን በይለፍ ቃል መቆለፍ ይችላል። እስከ 2023 ድረስ ከእርሱ በላይ የነበረው የክልሉ መሥራች ብቻ ነበር። መሥራቹ ግን ለ28 ቀናት ካልገባ፣ ዕረፍት ላይ ነኝ ብሎ ካላስመዘገበ በቀር፣ አገሩ ከጨዋታው ይሰረዝ ነበር፤ ክልሉም ጠባቂ ያጣ ነበር።

ወራሪ የሚባሉት ተጫዋቾች የሚጠብቁት ይህንኑ ነበር። የጉባኤ አባል የሆኑ አገሮቻቸውን አስከትለው ሒሳቡ ሊታደስ ሰከንዶች ሲቀሩ ወደ ክልሉ ይገባሉ፣ ለመሪያቸው ድጋፍ ይሰጣሉ፣ ነዋሪው ተኝቶ ሲነቃ ተወካዩ የማያውቀው ሰው ሆኖ ይጠብቀዋል። ክፉው የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው፦ ነባሮቹን አንድ በአንድ አባርረው ክልሉን ባዶ ካደረጉት ክልሉ ይጠፋል፣ እነርሱም በዚያው ስም እንደገና ይመሠርቱታል። ሰዎች ለዓመታት የተዋወቁበትና ሕግ ያወጡበት ቦታ በሌላ ሰው ስም ተመዝግቦ ይቀራል። ይህን ጨዋታ ነው ብሎ ማለፍ ለማይጫወት ሰው ቀላል ነው። የጠፋው ግን የሰዎች ማኅበር ነው፤ ኀዘናቸውም የእውነት ነው።

በመጀመሪያዎቹ ዓመታት መፍትሔው ዳኛ ነበር። ወራሪ ክልል መያዝ ይችላል፣ ነባሮቹን ግን ጠራርጎ ማባረር አይፈቀድለትም የሚል ደንብ ወጣ፤ አፈጻጸሙም ለጨዋታው ተቆጣጣሪዎች ተተወ። ችግሩ ነባር ማን ነው የሚለው ነበር። ትናንት የገባው ነው? ሄዶ የተመለሰውስ? ወራሪዎቹ ራሳቸው ስድስት ወር ቢቆዩስ? እያንዳንዱ ውሳኔ አንዱን ወገን ያስከፋ ነበር፤ ተቆጣጣሪዎቹም በክልል ጠብ መሀል እንደ ዳኛ መቀመጥ ታከታቸው።

በ2006 ማክስ ባሪ የሰውን ፍርድ በሒሳብ ተካው። ከዚያ ወዲህ እያንዳንዱ አገር በኖረበት ክልል «ተጽዕኖ» ያጠራቅማል፤ ቆይታው ሲረዝምና ድጋፉ ሲበዛ ተጽዕኖው ያድጋል፣ ክልሉን ለቆ ሲወጣ እያደር ይሟሽሻል። ተወካዩ ሰው ሲያባርር ከራሱ ተጽዕኖ ይከፍላል፤ የሚባረረው ሰው ሥር የሰደደ በሆነ መጠን ዋጋው ይንራል። በይለፍ ቃል መቆለፍም ያስከፍላል። መሥራቹ ግን ምንም አይከፍልም ነበር። በዕድር ለዓመታት ያዋጣን አባል ትናንት የገባ ሰው ተነሥቶ ውጣ ሊለው እንደማይችል ሁሉ፣ ወራሪውም በገባበት ማግስት ነባሩን መንቀል ተሳነው።

እኔ ይህን በጨዋታው ታሪክ ከተደረጉ ለውጦች ሁሉ ብልሁ አድርጌ አየዋለሁ። ማንም ነባርነቱን ማስረዳት አላስፈለገውም፤ ቆይታው ራሱ መሰከረለት። ጉድለቱ የታየው ቆየት ብሎ ነው። ሒሳቡ ዕድሜን እንጂ ቅንነትን አይቆጥርም። ታግሦ የተቀመጠ ወራሪ ከነባሩ እኩል ያጠራቅማል። በተለይ አዳዲስ አገሮች በሚወለዱባቸው አምስቱ የፓሲፊክ ክልሎች መሥራች የሚባል ስለሌለ፣ ለዓመታት የቆየ ተወካይ ልቡ ከከፋ የሚያነሣው ማንም አይኖርም። ነዋሪውን ከወራሪ የጠበቀው ልጓም ከገዛ ገዥው አላዳነውም።

ይህን ክፍተት የሞሉት ተጫዋቾቹ ራሳቸው ናቸው፤ ጉዳዩን ልዩ የሚያደርገውም ይኸው ነው። በበርካታ ክልሎች የድጋፍ ጣሪያ የሚባል ሕግ ወጣ፦ ተራ ነዋሪ ከተወሰነ ቁጥር በላይ ድጋፍ መያዝ አይችልም። ካለፈ ይጠየቃል፣ እምቢ ካለ ይባረራል። ድጋፍን መቀነስ ደግሞ እንደ መሰብሰብ አይቀልም። ወይ የሰጡትን ሰዎች እየዞሩ መልሱ ማለት ነው፣ ወይ ከዓለም ጉባኤ ወጥቶ ሁሉንም ማጣት። ስለዚህ ጣሪያው ሥልጣን ፈላጊን ብቻ ሳይሆን በሰው የተወደደንም ሰው ይነካል። ሕጉ ከፋ የሚሉትን እረዳቸዋለሁ፤ ያለ ጣሪያ ግን አንድ ተወዳጅ ሰው በአንድ ሌሊት ክልሉን ሊገለብጥ እንደሚችል ታሪኩ ያሳያል።

ከአምስቱ አንዱ የሆነው ሰሜን ፓሲፊክ ጠለቅ ያለ መንገድ ሄዷል። ሕገ መንግሥት፣ የመብቶች ሰነድ፣ የክልል ጉባኤና ፍርድ ቤት አለው። ተወካዩ በየአራት ወሩ ይመረጣል። ከሁሉ የሚበልጠው የጸጥታ ምክር ቤቱ ነው፦ አባላቱ ብዙ ድጋፍና ተጽዕኖ እንዲይዙ ሕጉ ያዛቸዋል፤ ሥራቸውም ተወካዩ ሕግ ጥሶ አልወርድም ቢል እርሱን ለማንሣት የሚበቃ አቅም ይዞ መጠበቅ ነው። ምክትል ተወካዩ ይመራዋል። እንዲህ ሲሆን ተጽዕኖ በአንድ ሰው እጅ ከመከማቸት ይልቅ ለብዙ ሰው በአደራ ይሰጣል። በተቃራኒው ፓሲፊክ ውስጥ ተወካዩን የሚመርጥ ሕዝብ የለም፤ መሪው ንጉሠ ነገሥት ተብሎ ከሴኔት ጋር ይገዛል። መረጋጋቱን የሚያደንቁ አሉ። እኔ ግን ነዋሪው መሪውን የማውረድ መንገድ በሌለው ቦታ የሚታየውን ጸጥታ መረጋጋት ለማለት እቸገራለሁ።

በ2009 የዓለም ጉባኤም የራሱን የጸጥታ ምክር ቤት አገኘ። በድምፅ ብልጫ አንድን አገር ወይም ክልል ማመስገን ወይም መኮነን፣ ክልልን ደግሞ ነጻ ማውጣት ይችላል። ነጻ ማውጣት ማለት ወራሪ ተወካይ በሩን የቆለፈበትን የይለፍ ቃል ከንቱ ማድረግ ነው፤ ወራሪዎችን የሚቃወሙት ተከላካዮች ገብተው ሊዋጉ የሚችሉት ያኔ ነው። ቆየት ብሎ ግን ይኸው መሣሪያ ዞረ፤ የሚጠሉትን ክልል በር ለማስከፈት፣ ማለትም ለወረራ ለማመቻቸት፣ የነጻ ማውጣት ሐሳብ የሚያቀርቡ ሰዎች መጡ። ብዙኃኑ በጥቂቶች ደጃፍ ላይ እስከ ምን ድረስ ያዝዛል የሚለው ክርክር ያልተዘጋው ለዚህ ነው።

በ2023 የመሠረቱ ድንጋይ ራሱ ተነካ። የመሥራችነት ሥልጣን ወደ ሌላ ሰው ሊተላለፍ የሚችል የአስተዳዳሪነት ቦታ ሆነ፤ አንድ ሰው ስለጠፋ ብቻ ክልሉ ወላጅ አልባ መሆኑ ቀረ። ከዚህ ጋር ምርጫ ቀረበ። አስተዳዳሪ ያለው ክልል ምሽግ ሆኖ ይቀጥላል፤ ጠረፍ መሆንን የመረጠ ክልል ግን አስተዳዳሪውን ያጣል፣ በምትኩ አዲስ ከሚወለዱት አገሮች ድርሻ ያገኛል። ጠረፍ የሆኑት ክልሎች ቀድሞ የፓሲፊኮቹ ብቻ የነበረውን ሸክም አብረው ተሸከሙ፦ ምክትል መምረጥ፣ ድጋፍን በብዙ ታማኝ ሰዎች ላይ መበተን፣ ጣሪያውን የት ላይ እንደሚያደርጉ መከራከር። አሁን ያ ክርክር ገና የተወለዱ አገሮች ባሉባቸው ትንንሽ ክልሎች ሳይቀር ይካሄዳል።