የብሬል ማስታወሻን ወደ መሥሪያ ቤት ኮምፒዩተር ማዛወር

ዐይነ ስውር የሆነ የመንግሥት ሠራተኛ በኤሌክትሮኒክ የብሬል መሣሪያ የያዘው ቃለ ጉባኤ ወደ መሥሪያ ቤቱ ኮምፒዩተር በትክክል ካልተዛወረ፣ ለሥራ ባልደረቦቹ እንዳልተጻፈ ይቆጠራል። ሰነዱን ለሌላ ሰው እያነበበ እንደገና ማስጻፉም የሥራ ጊዜ ከማባከኑ በላይ የምስጢር አጠባበቅ ጥያቄ ያስነሳል።

መሣሪያው ስድስት ዋና ዋና ቁልፎችና አንድ የክፍተት ቁልፍ ያሉት ሲሆን፣ የተጻፈውን በጣት በሚዳሰሱ ነጥቦች ወይም በድምፅ መልሶ ያቀርባል። በዩኤስቢ ገመድ ከኮምፒዩተር ጋር ሲገናኝ አብዛኛውን ጊዜ እንደ ፍላሽ ዲስክ ስለሚታይ ፋይሉን መገልበጥ ከባድ ሥራ አይደለም። አስቸጋሪው ከዚያ በኋላ ያለው ነው።

ብዙዎቹ መሣሪያዎች ጽሑፉን ቢአርኤፍ በሚባል የፋይል ዓይነት ያስቀምጣሉ። ስድስቱ ነጥቦች ሊፈጥሯቸው የሚችሉት 64 ቅንጅቶች በዚህ ፋይል ውስጥ በእንግሊዝኛ ፊደላት፣ በአኃዞችና በሥርዓተ ነጥቦች ይወከላሉ። ለምሳሌ 568 የሚለው ቁጥር የቁጥር ምልክትን አስቀድሞ ኢ፣ ኤፍ እና ኤች የተባሉት የእንግሊዝኛ ፊደላት ሆኖ ይታያል። በአማርኛ የተጻፈ ቃለ ጉባኤ በተራ የጽሑፍ ፕሮግራም ሲከፈት ትርጉም የለሽ የፊደላት ክምር የሚመስለውም በዚሁ ምክንያት ነው። ይህን የማያውቅ ሠራተኛ ፋይሉ በቫይረስ የተበላሸ መስሎት ሊሰርዘው ይችላል።

በእንግሊዝኛ የተጻፈ ከሆነ በመሣሪያው ላይ እያለ ወደ ተራ ጽሑፍ ቀይሮ መገልበጥ ይመረጣል። በአማርኛ ግን መሣሪያው የአማርኛን ብሬል የማያውቅ ከሆነ በእንግሊዝኛ ሕግ እየተረጎመ ጽሑፉን ይበልጥ ያዘበራርቀዋል። ስለሆነም ፋይሉን እንዳለ ገልብጦ በኮምፒዩተሩ ላይ መቀየሩ የተሻለ ነው። በአማርኛ ብሬል ተነባቢና አናባቢ ለየብቻ ስለሚጻፉ “ሉ” የሚለው ፊደል ሁለት ምልክት ይወስዳል፤ ቀያሪው ፕሮግራም ሁለቱን መልሶ አንድ ማድረግ ይኖርበታል። ሊብሉዊ በተባለው ነፃ የብሬል መተርጎሚያ ውስጥ ለዚህ የሚያገለግል የኢትዮጵያ ፊደል ሠንጠረዥ ተካትቷል።

የተቀየረው ጽሑፍ በዩኒኮድ መቀመጥ አለበት። የኢትዮጵያ ፊደል በዩኒኮድ የተካተተው እ.ኤ.አ. በ1999 ሲሆን፣ ከዚያ በፊት በየፊናቸው በተሠሩ የአማርኛ ፕሮግራሞች የተጻፉ ሰነዶችን ጽሑፍ በድምፅ የሚያነቡ ፕሮግራሞች አያውቋቸውም። የድሮ መዛግብት ያሏቸው መሥሪያ ቤቶች ይህን ሊያስቡበት ይገባል።

ሌላው እንቅፋት አስተዳደራዊ ነው። ቫይረስን ለመከላከል ሲባል የኮምፒዩተሮች የዩኤስቢ መግቢያ በሚዘጋባቸው መሥሪያ ቤቶች ፍላሽ ዲስክ የተከለከለበት መመሪያ የብሬል መሣሪያውንም ይከለክላል። የአካል ጉዳተኞችን የሥራ ስምሪት መብት የሚደነግገው አዋጅ ቁጥር 568/2000 አሠሪው አመቺ የሥራ ሁኔታ እንዲፈጥር ኃላፊነት የሚጥልበት በመሆኑ፣ የኮምፒዩተር ክፍሉ ለዚህ መሣሪያ ብቻ ፈቃድ ሊሰጥና ፋይሎቹም ሲገቡ በጸረ ቫይረስ እንዲፈተሹ ሊያደርግ ይችላል።

ገመዱ ከመነቀሉ በፊት ግንኙነቱ በኮምፒዩተሩ ትእዛዝ መቋረጥ አለበት፤ አለበለዚያ ፋይሉ ሊጎዳ ይችላል። በመሣሪያው ላይ ያለው ዋናው ቅጂም ጸሐፊው የተቀየረውን ጽሑፍ፣ በተለይም ቁጥሮቹን፣ ራሱ አዳምጦ እስኪያረጋግጥ ድረስ ባይሰረዝ ይመረጣል።