የማይገኘው አለቃ

ሙከራው በሁለት ዓይነት አመራር ላይ ብቻ የታቀደ ነበር። ከናዚ ጀርመን የተሰደደው ኩርት ሌዊን በአሜሪካ አዮዋ ዩኒቨርሲቲ ከተማሪው ሮናልድ ሊፒት ጋር ሆኖ የአሥር ዓመት ወንዶች ልጆችን በክበብ አደራጀ። ልጆቹ ጭምብል ይሠራሉ፤ አንዱ መሪ ያዛል፣ ሌላው ያማክራል። ራልፍ ዋይት የሚባል ተመራማሪ ግን አማካሪ እንዲሆን ተመድቦ ልጆቹን ጭራሽ ለቀቃቸው። ክበቡ ተተራመሰ። ሌላ ሰው ቢሆን ሥራው ተበላሸ ብሎ ይተወው ነበር፤ እነ ሌዊን ግን ሦስተኛ ዓይነት አመራር አገኘን አሉ።

ውጤቱ በ1939 እ.ኤ.አ. ታተመ። አዛዡ ከክፍሉ ሲወጣ የእሱ ልጆች ሥራቸውን ያቆማሉ፤ የአማካሪው ልጆች ይቀጥላሉ። ከ20 ልጆች 19ኙ ከአዛዡ ይልቅ አማካሪውን ወደዱ። ያፈነገጠው አንዱ ደግሞ የጦር መኮንን ልጅ ሆኖ ተገኘ!

በ1985 በርናርድ ባስ የአመራር ንድፈ ሐሳቡን ይዞ ሲመጣ ያ ለቃቂ መሪ ሠራተኞች ስለ አለቃቸው ከሚሞሉት መጠይቅ ውስጥ ቦታ አገኘ። በ2004 ቲሞቲ ጀጅና ሮናልድ ፒኮሎ የተከማቹትን ጥናቶች አንድ ላይ ሲመዝኑ፣ አለቃው እንደሌለ በሚቆጠርበት ቦታ እርካታም ዝቅ ብሎ አገኙት። እኔን የገረመኝ ግን ሌላው ነው፦ በሥራ እርካታ ረገድ፣ ለተሠራ ሥራ ቃል የገባውን የሚሰጥ አለቃ በራእይ ከሚመራው አለቃ አላነሰም። በየስብሰባው ስለ ራእይ ለምንሰማ ሰዎች ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

ሐረር ፈረስ መጋላ አጠገብ ባለ ፎቶ ኮፒ ቤት አንዲት የማስተርስ ተማሪ የባስን የመሰለ መጠይቅ ስታባዛ አገኘኋት። ከ«በጣም እስማማለሁ» እስከ «በጣም አልስማማም» አምስት ሳጥን። «ኃላፊዬ ስፈልገው አይገኝም» የሚለው ጋ ስንደርስ ተራ የሚጠብቁት ሁሉ ሳቁ። «ስብሰባ ላይ ናቸው» ተብሎ ያልተመለሰ ማን አለ? ማኪና ግርግር ወርዳ ልብስ ሰፊዎቹን ብትጠይቅ ጥያቄዋ ሌላ መልክ ይይዝ ነበር፤ እዚያ አሠሪና ሠራተኛ ጎን ለጎን ሲንጀር ይረግጣሉ፤ መጥፋት አይቻልም። እሷ የምታጠናው ግን የመንግሥት መሥሪያ ቤት ነው።

«ወረቀቱን ማን ይሰበስብልሻል እህቴ?»

«የክፍሉ ኃላፊ ሰብስበው ይሰጡኛል።»

«ስም ይጻፍበታል?»

«አይጻፍም። ግን ሠራተኞቹ ስምንት ናቸው።»


ከስምንት ሰው መካከል የማን መልስ እንደሆነ ኃላፊው በቀላሉ ይለያል፤ ስለዚህ በሳጥን መልክ የተሠራ ካርቶን አስገዛኋት፤ በመሥሪያ ቤቱ በራፍ ላይ ይቀመጣል፣ ቁልፉም ከእሷ ጋር ይሆናል።