ጓያና የነርቭ ሕዋስ

ድርቅ በበረታበት ዘመን ሌላው ሰብል ሲጠወልግ ጓያ ይጸናል። ይሁን እንጂ ለወራት ዋነኛ ምግቡ ያደረገው ገበሬ እግሮቹ ተገትረው በምርኩዝ የሚሄድ ሆኖ ሊቀር ይችላል። በ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) አጋማሽ በደምቢያና በፎገራ ብዙ ሰዎች በዚህ ሕመም ተጠቅተዋል። ምክንያቱን ለመረዳት አስቀድመን የነርቭን ሕዋስ አሠራር መመልከት ይኖርብናል።

ነርቭን «ጅማት» የሚሉ ጸሐፊዎች አሉ። ጅማት ግን ጡንቻን ከአጥንት የሚያያይዝ እንጂ መልእክት የሚያስተላልፍ አይደለም፤ ስለዚህ ባዕድም ቢሆን «ነርቭ» የሚለውን ቃል እንመርጣለን።

ከነርቭ ሕዋስ አካል መልእክት የሚቀበሉ አጫጭር ቅርንጫፎችና መልእክት የሚያደርስ አንድ ረዥም ዘንግ፣ ማለትም አክሶን፣ ይወጣሉ። እግርን የሚያዘው መስመር በመሠረቱ የሁለት ሕዋሳት ቅብብል ነው። የመጀመሪያው ከአንጎል ቅርፊት እስከ ሕብለ ሰረሰር ይወርዳል፤ ሁለተኛው ከዚያ እስከ ጡንቻው ይደርሳል።

ሕዋሱ ባረፈበት ጊዜ የውስጡ የኤሌክትሪክ መጠን ከውጩ በ70 ሚሊቮልት ያህል ያንሳል። ሲነቃቃ ሶዲየም ወደ ውስጥ ይገባል፤ ወዲያው ፖታሲየም ወጥቶ ሚዛኑን ይመልሳል። ይህም ለውጥ በአክሶኑ ላይ እየተላለፈ ይሄዳል። ሆጅኪንና ሃክስሊ ይህን በ1952 በስኩዊድ አክሶን አስረድተው በ1963 የኖቤል ሽልማት ተካፍለዋል። ማይሊን በተባለ ቅባታማ ሽፋን የተጠቀለለ ወፍራም አክሶን መልእክቱን በሴኮንድ እስከ 100 ሜትር ገደማ ያደርሳል።

ሁለቱ ሕዋሳት ግን አይነካኩም። በመካከላቸው ባለው እጅግ ጠባብ ክፍተት፣ በሲናፕስ፣ መልእክቱን የሚያሻግረው ኬሚካል ነው፤ ከነዚህም ዋነኛው ግሉታሜት ይባላል። ከጓያ ፍሬ በ1964 በህንድ ተለይቶ የታወቀው መርዝ፣ ኦዳፕ፣ ግሉታሜትን ይመስላል። ተቀባዮቹም እንደ ግሉታሜት ያስተናግዱታል። በሰፊው ተቀባይነት ያገኘው ማብራሪያ እንደሚለው ሕዋሱ ያለ ፋታ ሲነቃቃ ካልሲየም ያጥለቀልቀዋል፤ በመጨረሻም ይሞታል።

የሚጠቃው በተለይ ከአንጎል የሚወርደው የመጀመሪያው ሕዋስ ነው። ሁለተኛው በሕይወት አለ፤ የሚገታው ግን አጥቷል። የበሽተኛው እግር እንደ ፖሊዮ የማይልፈሰፈሰው፣ ይልቁንም የሚገተረው በዚህ ምክንያት ነው፤ አእምሮው እንደ ወትሮው ያስባል። የሞተውን ሕዋስ የሚመልስ መድኃኒት የለም።

ጓያን ዘፍዝፎና ቀቅሎ ውኃውን መድፋት፣ ከሌላ እህልም ጋር ቀላቅሎ መብላት መርዙን ይቀንሳል። ዳሩ ግን ይህ ሁሉ ውኃ፣ ማገዶና ሌላ እህል ይጠይቃል፤ ጓያ ብቻውን በሚበላበት የድርቅ ወቅት የሚጠፉትም እነዚሁ ናቸው።