ፀሐይ፣ ጸሐይ፣ ጸሀይ፦ ከኤርቴብል ጋር ትውውቅ

አንድ የዕድር ጸሐፊ የአባላቱን ወርኃዊ መዋጮ በኤክሴል ይመዘግባል እንበል። በመስከረም «ፀሐይ» ብሎ የጻፈውን ስም በጥቅምት «ጸሐይ»፣ በኅዳር ደግሞ «ጸሀይ» ብሎ ጻፈው። ዝርዝሩን የሚያነብ ሰው ሦስቱም አንዲት ወይዘሮ መሆናቸውን ሳያስብ ያውቃል። ለኮምፒዩተሩ ግን ሃሌታው ሀ እና ሐመሩ ሐ፣ ጸሎቱ ጸ እና ፀሐዩ ፀ የማይተዋወቁ ፊደሎች ናቸው። ስለዚህ ሦስት ሴቶች ይቆጥራል፤ ሦስቱም የሁለት የሁለት ወር ውዝፍ አለባቸው። በጠቅላላ ጉባኤው ቀን ስማቸው ከውዝፈኞች መካከል ሲነበብ የሚሰሙት ወይዘሮ ፀሐይ ግን አንድም ወር አላጓደሉም።

እንዲህ ያለውን ችግር ፕሮግራም መጻፍ የማያውቅ ሰው ራሱ እንዲፈታው ተብለው ከተሠሩት መሣሪያዎች አንዱ ኤርቴብል ነው። በ2012 (ሌላ ካላልኩ በቀር ዓመታቱ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) ሃዊ ሊዩ፣ አንድሩ ኦፍስታድና ኤመት ኒኮላስ በሳን ፍራንሲስኮ መሠረቱት። ዘመዶችም አሉት፤ ማይክሮሶፍት ፓወር አፕስን ሠርቷል፣ ጉግል በ2020 አፕሺትን ገዝቷል። ፎረስተር የተባለው የጥናት ድርጅት በ2014 ለዚህ ዓይነቱ መሣሪያ ሁሉ «ሎው ኮድ» የሚል የወል ስም አውጥቶለታል፤ የሚጠይቀው ኮድ ጥቂት ነው ለማለት። ኤርቴብልን የመረጥኩት አሠራሩን ለማሳየት ስለሚመች ነው። ሲከፈት ኤክሴል ይመስላል፤ ልዩነቱ ውስጡ ነው።

እንደ ኤክሴል ያለው ስፕሬድሺት ሲፈጠር መዝገብ ይሆናል ተብሎ አልታሰበም። ዳን ብሪክሊንና ቦብ ፍራንክስተን በ1979 ቪዚካልክን ለአፕል 2 ኮምፒዩተር ሲያወጡ ዓላማቸው ስሌት ነበር፤ አንድ ቁጥር ሲቀየር ከእሱ ጋር የተያያዙት ሁሉ አብረው እንዲቀየሩ። ሰው ግን ባገኘው ዕቃ ይጠቀማል፤ ባዶዎቹን ሣጥኖች ሲያይ ስም፣ ስልክና ዕዳ ይሞላባቸው ጀመር። ይህ ልማድ የሚያስከፍለውን ዋጋ እንግሊዝ በ2020 አይታዋለች። የሕዝብ ጤና ተቋሟ የኮሮና ምርመራ ውጤቶችን ሲያሰባስብ የተጠቀመው በአሮጌው የኤክሴል ፋይል ነበር፤ ያ ፋይል ከ65,536 ረድፍ በላይ አይይዝም። ከዚያ የተረፈው ማንም ሳያውቅ ወደቀ። ከሴፕቴምበር 25 እስከ ኦክቶበር 2 ባለው ጊዜ ብቻ 15,841 በቫይረሱ የተያዙ ሰዎች ከዕለታዊው ሪፖርት ውጪ ሆኑ፤ ከእነሱ ጋር የተነካኩትን የመፈለጉ ሥራም ዘገየ።

ኤርቴብል የቆመበት ሐሳብ ከቪዚካልክም ይቀድማል። በአይቢኤም ይሠራ የነበረው እንግሊዛዊው ኤድጋር ኮድ በ1970 ባሳተመው ጽሑፍ መረጃ በየዓይነቱ በተለያዩ ሠንጠረዦች እንዲቀመጥ፣ ሠንጠረዦቹም በያዙት መረጃ እርስ በርስ እንዲገናኙ ሐሳብ አቀረበ። ወደ ዕድሩ እንመልሰው። አንድ ሠንጠረዥ ለአባላት ብቻ ይሁን፤ ወይዘሮ ፀሐይ እዚያ አንድ ጊዜ ይመዘገባሉ፣ ከዚያ በኋላ ስማቸውን ማንም ደግሞ አይጽፈውም። ሌላው ሠንጠረዥ ለክፍያዎች ነው። ጸሐፊው አዲስ ክፍያ ሲመዘግብ ስሙን ከአባላት ሠንጠረዥ መርጦ ያያይዘዋል። አሁን ጸ ይሁን ፀ የሚለው ጥያቄ ራሱ የለም። የወይዘሮ ፀሐይን ረድፍ ሲከፍት የከፈሉት ሁሉ ተደርድሮ ያገኘዋል፤ «ሮልአፕ» የተባለው ዓምድ ደግሞ ድምሩን ራሱ ያወጣል። ስልካቸው ቢቀየር የሚታረመው አንድ ቦታ ነው። ድንኳኑ፣ ወንበሩና ድስቱም የራሳቸው ሠንጠረዥ ይኖራቸዋል፤ ማን ወሰደ፣ መቼ መለሰ የሚለው ውሰት ደግሞ ሌላ።

ከባዱ ሥራ ያለው እዚህ ላይ ነው፣ ብዙ ሰው ደግሞ ዘሎት ያልፋል። የለመድነው መዝገብ ለእያንዳንዱ ወር አንድ ዓምድ ይሰጣል፤ መስከረም፣ ጥቅምት፣ ኅዳር እያለ ወደ ጎን ይዘረጋል። ያንኑ ወደ ኤርቴብል የገለበጠ ሰው መሣሪያውን ገዝቶ ችግሩን ይዞ ቀረ። አባሉ የሦስት ወር በአንዴ ሲከፍል፣ ወይም የአንዱን ወር ግማሽ ሲከፍል የት ይጻፍ? አንድ ረድፍ አንድ ክፍያ ከሆነ ግን ችግር የለም። አባል ስንልስ ሰው ነው ወይስ ቤተሰብ? ባል ሲሞት አባልነቱ በሚስት የሚቀጥል ከሆነ የአባላት ሠንጠረዥ ረድፉ ቤተሰብ መሆን አለበት፣ ሰዎቹ ደግሞ ሌላ ሠንጠረዥ ይፈልጋሉ። ይህን የሚመልሰው የዕድሩ ደንብ እንጂ ሶፍትዌሩ አይደለም። እኔ ብሆን ኮምፒዩተር ከመክፈቴ በፊት ዳኛውንና ገንዘብ ያዡን ቁጭ አድርጌ በወረቀት ላይ እጨርሰው ነበር።

ሠንጠረዦቹ በሚገባ ከተለዩ በኋላ ያንኑ መረጃ በፈለጉት መልክ ማየት ቀላል ነው። በካላንደር፣ ቶዮታ ፋብሪካ ውስጥ ታይቺ ኦኖ ካስፋፋው አሠራር ስሙን በወረሰው የካንባን ሰሌዳ፣ ወይም ከመቶ ዓመት በፊት በታወቀው በሄንሪ ጋንት ስም በሚጠራው የጊዜ ሠንጠረዥ። የግንባታ ሥራ የሚመራ ሰው ጋንቱን፣ ትእዛዝ የሚቀበል ምግብ ቤት ካንባኑን ይመርጣል። መረጃው ግን አንድ ነው።

በኋላ የመጡት ባሕርያት ይበልጥ ያጓጓሉ፣ ይበልጥም ያሳስታሉ። አውቶሜሽን ከ2020 ጀምሮ አለ። መነሻና ተግባር ነው፤ «ይህ ሲሆን ያን አድርግ»። ክፍያ ሲመዘገብ ደረሰኝ በኢሜይል ላክ፣ ድንኳን በቀኑ ካልተመለሰ ለንብረት ክፍሉ አስታውስ። ጀማሪ ሁሉ የሚሰናከልበት ድንጋይ አለ፦ መነሻውን «አዲስ ረድፍ ሲፈጠር» ካደረጉት ረድፉ የሚፈጠረው ገና ባዶ ሳለ ነው። ጸሐፊው ገንዘቡን ሳይሞላ፣ ስሙን ሳይመርጥ ደረሰኙ ባዶውን ይሄዳል። መድኃኒቱ «ተጠናቋል» የሚል የምልክት ዓምድ ጨምሮ መነሻውን ከእሱ ጋር ማሰር ነው። ሌላም አለ፤ አውቶሜሽኑን ስንፈትን የሚላከው ኢሜይል እውነተኛ ነው። ስለዚህ በመጀመሪያ ፈተና የራስን አድራሻ ማስገባት፣ ከዚያም በፊት የመዝገቡን ቅጂ አውጥቶ በቅጂው ላይ መሞከር ይበጃል። የዕድር አባል «ዕዳ አለብዎት» የሚል መልእክት በስሕተት ሲደርሰው የሚሰማውን ኀፍረት ይቅርታ ቶሎ አያጥበውም።

በ2021 የመጣው ኢንተርፌስ ደግሞ ከሠንጠረዦቹ ፊት የሚቆም ገጽ ነው። ለገንዘብ ያዥ የክፍያ ገጽ፣ ለንብረት ክፍል የድንኳንና የድስት ገጽ ይሠራለታል፤ እያንዳንዱ የሚመለከተውን ብቻ ያያል። እዚህ ላይ አጥብቄ የምለው አንድ ነገር አለኝ። በሠንጠረዥ እይታ ላይ አንድን ዓምድ መደበቅ መቆለፍ ማለት አይደለም፤ ወደ መዝገቡ መግባት የተፈቀደለት ሰው መልሶ ሊገልጠው ይችላል። ሰው እንዳያይ ከተፈለገ ወደ መዝገቡ ሳይሆን ወደ ኢንተርፌሱ ብቻ መጋበዝ አለበት። ይህ የትንሽ ድርጅት ጭንቀት ብቻ አይደለም። በ2021 አፕጋርድ የተባለ የደኅንነት ድርጅት ይፋ እንዳደረገው በማይክሮሶፍት ፓወር አፕስ የተሠሩ ድረ ገጾች 38 ሚሊዮን መዝገቦችን ለማንም ክፍት አድርገው ነበር፤ ከባለቤቶቹ መካከል የአሜሪካ ክፍላተ ሀገር መንግሥታትና ትልልቅ ኩባንያዎች ይገኙበታል። ማንም ሰብሮ አልገባም። የሠንጠረዥ ፈቃድ የሚባለው ቅንብር ሳይበራ ቀርቶ ነው።

በ2025 ኤርቴብል ኦምኒ የተባለ ሰው ሠራሽ አስተውሎት ጨምሯል፤ የሚፈልጉትን በቃል ቢነግሩት ሠንጠረዦቹንና ገጾቹን ራሱ ይሠራል። ለመነሻ ጥሩ ነው፤ ከባዶ ሠንጠረዥ ፊት ተቀምጦ ከመተከዝ ያድናል። ነገር ግን «የዕድር መዝገብ ሥራልኝ» ሲባል አባሉ ሰው ይሁን ቤተሰብ ደንቡን ካልነገሩት በግምት ነው የሚወስነው። ግምቱም በሚያምር ገጽ ተሸፍኖ ስለሚመጣ ስሕተቱ ቶሎ አይታይም።

ለእኛ ደግሞ የዘመን አቆጣጠር አለ። የኤርቴብል የቀን ዓምድ የሚያውቀው የፈረንጆቹን ብቻ ነው። በአዲስ አበባም ሆነ በዋሽንግተን አካባቢ በሀበሻ ወር መዋጮ የሚሰበስብ ዕድር ወሩን በጽሑፍ ከሞላ «ጥቅምት» እና «ጥቅምቲ» እያለ ወደ ሦስቱ ፀሐዮች ይመለሳል። ከዚህ የሚሻለው ወሮቹን ራሳቸውን ሠንጠረዥ ማድረግ ነው። አንዱ ረድፍ «መስከረም 2018» ይሆናል፤ መጀመሪያው ሴፕቴምበር 11፣ መጨረሻው ኦክቶበር 10፣ 2025። ክፍያው የተፈጸመበት ቀን በቀን ዓምድ ይቀመጣል፣ የሚከፈልለት ወር ደግሞ ከዚህ ሠንጠረዥ ተመርጦ ይያያዛል። ጳጉሜን የራሷ ረድፍ አያስፈልጋትም፤ መዋጮው የአሥራ ሁለት ወር ነውና። ወይዘሮ ፀሐይ ጳጉሜን 3 ቀን ብራቸውን ይዘው ሲመጡ ጸሐፊው የሚጠይቃቸው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ «ለነሐሴ ልያዘው ወይስ ለመስከረም?»