የውሻና የድመት ሐኪም

በአገራችን የእንስሳት ሐኪም ሲባል ሰው ሁሉ አስቀድሞ የሚያስበው በሬውን፣ ላሟንና በቅሎውን ነው፤ ይህም የሚያስነቅፍ አይደለም፤ አርሶ የሚያበላውና ታልቦ የሚያጠጣው እንስሳ ሲታመም የቤቱ ኑሮ አብሮ ይታመማልና። በከተማ ውስጥ ግን በአንዲት ጠባብ ክፍል ነጭ ካፖርት ለብሶ የቡችላ ልብ ትርታ የሚያዳምጠው ሐኪም እስከ ዛሬ ድረስ በብዙዎች ዘንድ የባለጸጎች መጫወቻ ሆኖ ይቈጠራል፤ «ሰው መድኃኒት አጥቶ ሳለ ውሻ ይታከማልን?» የሚል ተግሣጽም ከደጁ አይጠፋም። እኔ ሙያውን ከሚያፈቅሩት ወገን ስለ ሆንሁ ይህን ተግሣጽ በትሕትና የምቃወመው ለውሻው አዝኜ ብቻ አይደለም፤ ውሻው ሲታከም ከጥቅሙ ትልቁን ድርሻ የሚወስደው ከውሻው ጋር በአንድ ግቢ የሚጫወተው ሕፃን መሆኑን ስለማውቅ ነው። ውሻ የረከሰ ፍጥረት ነውና ሊታሰብለት አይገባም የሚለኝ ቢኖርም፣ በመጽሐፈ ጦቢት ጦብያን በመንገዱ ሁሉ የተከተለውን ውሻ እንዲያስታውስልኝ እለምነዋለሁ።

የሐኪሙን ሥራ ለመግለጥ ብዙ ቃል አያሻም፤ ይከትባል፣ ትል ያስወጣል፣ የተሰበረ ይጠግናል፣ ያኮላሻል፣ ምጥ የጠናባትን ያዋልዳል። ትምህርቱም ዓመታት የሚፈጅ ሲሆን፣ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር በቢሾፍቱ የሚገኘው የእንስሳት ሕክምና ትምህርት ቤት ከ1979 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሐኪሞችን ሲያፈራ ኖሯል። በሽተኛው አፍ የሌለው ስለ ሆነ ሐኪሙ ከንፈሩን ገልጦ የድዱን ቀለም ያያል፣ የጀርባውን ቆዳ ስቦ በመልቀቅ ውሃ እንዳነሰው ይመረምራል፣ ሙቀቱንም በፊንጢጣው ይለካል። የጤነኛ ውሻ ሙቀት ከ38 ዲግሪ በላይ ነውና በእጁ ዳስሶ «አተኮሰው» የሚል ባለቤት ይሳሳታል፤ አፍንጫው ደረቀ ብሎ የሚፈርድም እንዲሁ።

ስለ እብድ ውሻ በሽታ አንባቢ ሁሉ ያውቃል ብዬ ስለማምን አላረዝመውም። በዓለም ላይ በየዓመቱ 59,000 ያህል ሰው እንደሚገድል፣ ከ100 ሟቾችም 99ኙን ያህል የሚለክፋቸው ውሻ እንደ ሆነ ይገመታል። ምልክቱ አንድ ጊዜ ከታየ ፈውስ የለውም ማለት ይቻላል። ሉዊ ፓስተር ክትባቱን ለተነከሰ ልጅ በ1885 እ.ኤ.አ. ከሰጠ ወዲህ ግን መከላከያው በእጃችን ነው፤ ቡችላ ሦስት ወር ሲሞላው ይከተብ፣ በየዓመቱም ይደገምለት፤ የተነከሰ ሰው ቁስሉን በሳሙናና በሚወርድ ውሃ ለ15 ደቂቃ አጥቦ በዚያው ቀን ወደ ጤና ጣቢያ ይሂድ።

ይልቁንስ ጥቂት ሰው ብቻ ስለሚያውቀው፣ እኔም ባገኘሁት አጋጣሚ ሁሉ ሳልታክት ስለማወራው ስለ በግ ሳንባ ልናገር። ፋሲካ ባለፈ ሰሞን በአንድ የእንስሳት ክሊኒክ ተራ ስጠብቅ፣ አንዲት አሮጊት የልጅ ልጃቸውን አስከትለው ውሻቸውን ለዓመታዊው ክትባት አምጥተው ነበር። ወጣቱ ሐኪም መርፌውን እያዘጋጀ «እማማ፣ የበጉን ሳንባ ምን አደረጉት?» ብሎ ቢጠይቃቸው፣ ጥያቄው እንግዳ ሆኖባቸው «ውሃ የቋጠረ ነገር አየሁበትና እኛን እንዳያሳምመን ለሱ ጣልሁለት፤ ለውሻ ካልሆነ ለማን ይሆናል ልጄ?» አሉት። እርሱም አንገቱን ዝቅ አድርጎ «እማማ፣ ያ ውሃ ተመልሶ የሚመጣው ወደ ልጅ ልጅዎ ነው» አላቸው።

ሐኪሙ ያለው እውነት ነበር። በበግ፣ በፍየልና በከብት ሳንባና ጉበት ላይ የሚታየው ውሃ የቋጠረ ከረጢት ከኮሶ ትል ወገን የሆነ የአንድ ትል ማደሪያ ነው፤ በውስጡም በዓይን የማይለዩ እልፍ የትል ራሶች ተሸሽገው ይኖራሉ። ሰው ይህን ከረጢት በሥጋ ላይ ሲያይ የሚፈራው መብላቱን ነው፤ ሰውን የሚለክፈው ግን ከረጢቱ ሳይሆን በውሻ አንጀት ያደገው ትል የሚጥለው እንቁላል ስለ ሆነ፣ ለጥንቃቄ ብሎ ሳንባውን ወደ ውሻው የወረወረ ሰው በሽታውን በገዛ እጁ ወደ ቤቱ አስገባው ማለት ነው። ውሻው ሳንባውን በጥሬው ሲበላ ትሎቹ በአንጀቱ ይጣበቃሉ፤ ስድስትና ሰባት ሳምንት ያህል ቈይተውም እንቁላል መጣል ይጀምራሉ። የትሉ ርዝመት ከ2 እስከ 7 ሚሊ ሜትር ብቻ ስለ ሆነ ሺህ ቢሆኑበት እንኳ ውሻው አይከሳም፣ አይተኛም፣ መጮሁንም አይተውም፤ ባለቤቱም ጤነኛ ነው ብሎ ይምላል። እንቁላሉ ከዐይነ ምድሩ ጋር ወጥቶ በጠጉሩ ይጣበቃል፣ በአፈርና በሣርም ላይ ለወራት ይቈያል። በግ ከሣሩ ጋር ሲውጠው ከረጢቱ በበጉ ይበቅላል፤ ሕፃን ውሻውን ደባብሶ እጁን ሳይታጠብ እንጀራ ሲቈርስ በሕፃኑ ጉበት ወይም ሳንባ ይበቅላል። በሰው ውስጥ ዓመታት ያለ ሕመም ሊያድግ ይችላልና፣ ሰውዬው ጐልምሶ ሆዱ ሲያብጥ ወይም ደረቱን ሲወጋው ቢላዋ የያዘ ሐኪም ፊት ይቀርባል እንጂ፣ በልጅነቱ የደባበሰውን ውሻ ከቶ አያስበውም።

ይህ መከራ የእኛ ብቻ አልነበረም። በግና ውሻ በበዛበት በአይስላንድ በሽታው ሕዝቡን ሲያሠቃይ፣ ሐራልድ ክራብ የተባለ የዴንማርክ ሊቅ በ1863 እ.ኤ.አ. ወደዚያ ሄዶ መረመረ፤ በተከታዩ ዓመትም የበሽታው አመጣጥ በአጭር መጽሐፍ ታትሞ ለሕዝቡ ታደለ። ማንበብ የሚወድ ሕዝብ ነበርና አነበበ፣ ያነበበውንም ፈጸመ፤ ከረጢት ያለበትን ሆድ ዕቃ ለውሻ መስጠት ቀረ፣ የውሾች መታከምም በሕግ ታዘዘ፤ በሽታው ከደሴቲቱ ጠፋ። በእኛ ዘመን ደግሞ ፕራዚኳንቴል የተባለው ክኒን በውሻው ክብደት ልክ ተመዝኖ ሲሰጥ ትሉን ያጠፋዋል፤ ሆኖም ውሻው በማግሥቱ ሌላ ሳንባ ቢያገኝ ሁሉም እንደ ገና ይጀምራልና ከረጢት ያለበት ሳንባ የሚቀበርበት ጉድጓድ ከሌለ ክኒኑ ከንቱ ነው።

ክኒን ካነሣሁ ዘንድ የድመት ባለቤቶችን ጥቂት ልገሥጽ። ድመቷ አተኮሳት ብለው ከራሳቸው መሳቢያ ፓራሲታሞል የሚሰጡ ደጋግ ሰዎች አሉ፤ የድመት ጉበት ይህን መድኃኒት ማብረድ ስለማይችል፣ ለሰው ራስ ምታት የሚበቃው አንዱ የ500 ሚሊ ግራም ክኒን ድመትን ይገድላል። ድዷ ቡናማ ሲሆን፣ ፊቷና መዳፏ ሲያብጥ በጆንያ ጠቅልለው ይሮጣሉ፤ ሐኪሙም ከበሽታው በፊት በጆንያው ውስጥ ካበደው ጥፍር ጋር ይታገላል። ቀዳዳ የተበሳለት ካርቶን ምን ከለከለ? ደግሞስ ለቡችላው መግዣ ገንዘብ ሳይቈጥር ለክትባቱ ዋጋ የሚከራከረውን ሰው ምን እንበለው?

እንግዲህ አንባቢዬ ሆይ፣ ለሚመጣው በዓል በጉን ከማሳረድህ በፊት ጉድጓዱን አስቀድመህ አስቈፍር፤ ውሻ ምሶ የማያወጣው ጥልቅ ይሁን፣ በላዩም ድንጋይ ይጫንበት። ውሻህን ከበዓሉ ማካፈል ከወደድህም ሳንባውን ቢያንስ ግማሽ ሰዓት አንተክትከህ ስጠው፤ ልጆችህንም ከማዕድ በፊት እጃቸውን በሳሙና አስታጥባቸው።