አሠልጣኝ ድርጅት ሲመረጥ

ሠራተኞቹን በውጭ አሠልጣኝ ድርጅት ሊያሠለጥን የሚሻ መሥሪያ ቤት፣ ሦስት የዋጋ ማቅረቢያ ተቀብሎ ዝቅተኛውን ከመምረጡ አስቀድሞ፣ ወርቅ በእሳት እንደሚፈተን ተወዳዳሪዎቹን በፍሬያቸው ይፈትን። አሜሪካዊው ሊቅ ዶናልድ ኪርክፓትሪክ እ.ኤ.አ. በ1959 ማሳተም በጀመሩት ተከታታይ ጽሑፍ እንዳስረዱት፣ የሥልጠና ፍሬ በአራት መዓርግ ይመዘናል፦ ሠልጣኙ ትምህርቱን መውደዱ፣ ዕውቀት መገብየቱ፣ ግብሩን መለወጡ፣ በመጨረሻም መሥሪያ ቤቱ መጠቀሙ። ከምሳ በኋላ ተሞልቶ የሚመለሰው የአስተያየት ቅጽ ግን የመጀመሪያውን መዓርግ እንጂ የቀሩትን አይመሰክርም። ስለዚህ ለምሳሌ የባንክ ገንዘብ ያዦችን የሚያሠለጥን ድርጅት፣ ከሦስት ወር በኋላ በመስኮቱ አጠገብ ቆሞ የደንበኛ አቀባበላቸውን ሊመለከት በውል ይገባ እንደ ሆነ ጠይቁ፤ የሚያስተምረውንም መምህር ስም በውሉ አስጽፉ። ዋጋ የሚወዳደረው ከዚህ በኋላ ነው።